አባ ባርቶሎሜ ዴ ላስ ካሳስ፦ የቺያፓስ ጳጳስና የባሕር አሰሳ ዘመን ምስክር

የዓለም ታሪክ በየትምህርት ቤቱ ሲሰጥ፣ የአውሮፓውያን የባሕር አሰሳ ዘመን የሚባለው ክፍል ብዙውን ጊዜ የሚጠናው በመርከበኞች ስምና በዓመተ ምሕረት ነው። ተማሪው ባርቶሎሜዩ ዲያዝ በ1488 የአፍሪካን ደቡባዊ ጫፍ እንደ ዞረ፣ ክሪስቶፎር ኮሎምበስ በ1492 ከካሪብ ደሴቶች እንደ ደረሰ፣ ቫስኮ ዳ ጋማ በ1498 ሕንድ እንደ ገባ፣ ማጄላን የጀመረውም ጉዞ በ1522 ዓለምን ዞሮ እንደ ተፈጸመ በቃሉ ይይዛል፤ ፈተናውንም በዚያ ያልፋል። መርከቦቹ መልሕቃቸውን በጣሉበት ዳርቻ ቆሞ ይመለከት የነበረው ሕዝብ ግን በመጽሐፉ ውስጥ እምብዛም ስም የለውም። ጠያቂ ልጅ አይጠፋምና፣ በክፍል ውስጥ ያልተመለሰለትን ጥያቄ እሑድ ወደ ካቴኪስቱ ይዞ ይመጣል። መስቀሉና ሰይፉ በአንድ መርከብ ላይ እንዴት ተጫኑ? ቤተ ክርስቲያንስ በዚያን ጊዜ ምን ትል ነበር?

ለእንዲህ ያለው ጥያቄ ከክርክር ይልቅ የአንድ ሰው ሕይወት የተሻለ መልስ ይሰጣልና፣ በዚህ እትም የቺያፓስ ጳጳስ የነበሩትን የአባ ባርቶሎሜ ዴ ላስ ካሳስን ታሪክ ለአንባብያን እናቀርባለን። ባርቶሎሜ ማለት በእኛ አጠራር በርተሎሜዎስ ነው። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ላስ ካሳስ በ1484 በስፔን አገር በሴቪሊያ ከተማ ከነጋዴ ቤተሰብ ተወለዱ። ኮሎምበስ ከመጀመሪያ ጉዞው ተመልሶ በ1493 በሆሳዕና እሑድ ሴቪሊያ ሲገባ፣ ያን ጊዜ የዘጠኝ ዓመት ገደማ ብላቴና የነበሩት ላስ ካሳስ ከሕዝቡ መካከል ሆነው አዩ። መርከበኛው ከደሴቶቹ ያመጣቸው ሰባት ሰዎችና አረንጓዴ በቀቀኖች በቅዱስ ኒቆላዎስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበሩ። በዚያው ዓመት አባታቸው ፔድሮ ከኮሎምበስ ሁለተኛ ጉዞ ጋር፣ ከአሥራ ሰባቱ መርከቦች በአንዱ ተሳፍረው ሄዱ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም ሲመለሱ ከኮሎምበስ የተቀበሉትን አንድ የታይኖ ተወላጅ ወጣት ይዘው መጥተው ልጃቸውን እንዲያገለግል ሰጡት። ንግሥት ኢሳቤላ ግን ዜጎቿን ባሪያ አድርጎ የማደል ሥልጣን ለኮሎምበስ ማን ሰጠው ብላ ተቆጥታ፣ እንዲህ ሆነው የመጡት ሁሉ በ1500 ወደ አገራቸው እንዲመለሱ አዘዘች። ወጣቱም ተመለሰ።

በ1502 ላስ ካሳስ ራሳቸው ባሕሩን ተሻገሩ። አዲሱ አገረ ገዢ ኒኮላስ ዴ ኦቫንዶ ሠላሳ ያህል መርከቦችና 2,500 ያህል ሰዎች አስከትሎ ወደ ሂስፓኞላ ደሴት ሲሄድ አብረው ነበሩ። ይህች ደሴት ዛሬ ሄይቲና የዶሚኒካን ሪፐብሊክ የሚገኙባት ናት። እንደ ሌሎቹ ስፔናውያን ሁሉ ላስ ካሳስም መሬት ተቀበሉ፤ የሚያርሱላቸውና ወርቅ የሚፈልጉላቸው ተወላጆችም ተሰጡአቸው።

ተወላጆችን የማደሉ ሥርዓት ኤንኮሚየንዳ ይባል ነበር። ቃሉ ከአደራ ጋር የተያያዘ ነው። የተወሰኑ ቤተሰቦች ለአንድ ስፔናዊ በአደራ ይሰጡና እርሱ ሊጠብቃቸውና የክርስትናን ሃይማኖት ሊያስተምራቸው፣ እነርሱ ደግሞ በጉልበታቸው ሊያገለግሉት ይታዘዝ ነበር። ካቴኪስቶቻችን ይህን ነገር ቆም ብለው ሊያስቡበት ይገባል። በሕጉ ወረቀት ላይ የጭቆናው ሁሉ ምክንያት ሆኖ የተጻፈው ትምህርተ ክርስቶስ ነበር። በተግባር ግን ወርቁ ሲለቀም ትምህርቱ ተረሳ። ላስ ካሳስ ከዓመታት በኋላ እንደ ጻፉት፣ እርሳቸው በእጃቸው የነበሩትን ሰዎች እምብዛም ባያስርቡና ባያሠቃዩም፣ ሃይማኖታቸውን በማስተማር ረገድ ከሌሎቹ የተሻሉ አልነበሩም።

በዚህ መካከል ክህነትን ተቀበሉ፤ በ1510ም ኮንሴፕሲዮን ዴ ላ ቬጋ በተባለ ስፍራ የመጀመሪያ ቅዳሴአቸውን በታላቅ ክብር ቀደሱ። አዲስ ካህን የመጀመሪያ ቅዳሴውን በዚያ ምድር ሲያሳርግ ይህ የመጀመሪያው እንደ ነበረ ራሳቸው ጽፈዋል። ካህንም ሆነው ግን ባለ አደራነታቸውን አልተዉም።

በዚያው ዓመት የዶመኒካውያን ማኅበር መነኮሳት ወደ ደሴቲቱ መጡ። ጥቂት ነበሩ፤ በሣር ጎጆ ይኖሩ ነበር። ያዩትንም ነገር ሲመረምሩ ከቆዩ በኋላ ሁሉም በፊርማቸው ያጸደቁትን አንድ ስብከት አዘጋጁ፤ አባ አንቶኒዮ ሞንቴሲኖስም ታኅሣሥ 21 ቀን 1511፣ ከልደት በፊት ባለው እሑድ፣ በሳንቶ ዶሚንጎ ቤተ ክርስቲያን አሰሙት። የኮሎምበስ ልጅ አገረ ገዢው ዲዬጎና ሹማምንቱ በተቀመጡበት፣ ተወላጆቹን እንዲህ በጭካኔ የሚገዙ ሁሉ በሞት ኃጢአት ውስጥ እንደሚኖሩ አስታወቁ፤ እነዚያም ሰዎች ነፍስ ያላቸው እንደ ሆኑ፣ እንደ ራስም ሊወደዱ እንደሚገባ ጠየቁአቸው። ሕዝቡ ተቆጣ። አገረ ገዢውና ሹማምንቱ ወደ ገዳሙ ሄደው ሰባኪው ቃላቸውን እንዲያነሡ ጠየቁ። በሚቀጥለው እሑድ ሰባኪው ወደ አትሮንሱ ወጡ፤ ከፊተኛው የባሰ ተናገሩ፤ ወደ ፊትም ለእንዲህ ያሉ ሰዎች ፍትሐተ ኃጢአት እንደማይሰጡ ጨመሩ።

ላስ ካሳስ በዚህ ስብከት ወዲያው አልተለወጡም። አንድ ጊዜ ለመናዘዝ ወደ አንድ ዶመኒካዊ መነኩሴ ቢሄዱ፣ ተወላጆችን በአደራ ስለያዙ መነኩሴው አልፈታም አሉአቸው። ላስ ካሳስ ተከራከሩ፤ አልተሳካላቸውም፤ ሄዱም።

በ1513 ስፔናውያን ኩባን ሲይዙ ላስ ካሳስ የፓንፊሎ ዴ ናርቫኤዝ ጭፍራ ነፍስ አባት ሆነው አብረው ዘለቁ። ካዖናዖ በተባለ መንደር የሆነውን ነገር እስከ ሕይወታቸው ፍጻሜ አልረሱትም። ወታደሮቹ ጠዋት ውሃው በጎደለ ወንዝ ውስጥ ሰይፋቸውን በድንጋይ ሳሉ። መንደር ሲደርሱ ሕዝቡ ምግብ አቅርቦ፣ አይቶ የማያውቃቸውን ፈረሶች እየተደነቀ ሜዳ ላይ ቁጢጥ ብሎ ተቀምጦ ነበር። በድንገት አንዱ ወታደር ሰይፉን መዘዘ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ካህኑ ወዲያና ወዲህ እየሮጡ ጮኹ፤ ማዳን የቻሉት ጥቂት ነበር። ይህን ሁሉ ካዩ በኋላም በአሪማኦ ወንዝ አጠገብ መሬትና ሰዎች ተሰጥተዋቸው ከወዳጃቸው ከፔድሮ ዴ ሬንቴሪያ ጋር ተቀመጡ። የሰው ልብ እንዲህ ነው፤ ዓይን ያየውን ነገር ኅሊና ለመቀበል ጊዜ ይወስዳል።

የተለወጡት በ1514 ነው። ለበዓለ ጰንጠቆስጤ ስብከት ሲያዘጋጁ ከመጽሐፈ ሲራክ ሠላሳ አራተኛው ምዕራፍ ደረሱ። ይህ ምዕራፍ በግፍ ከተገኘ ሀብት የሚቀርበውን መሥዋዕት እግዚአብሔር እንደማይቀበል፣ የድኻውን እንጀራ የሚነጥቅም ነፍሰ ገዳይ እንደ ሆነ ያስተምራል። ላስ ካሳስ ጽሑፉን ደጋግመው አነበቡ። በየቅዳሴው በመሠዊያ ላይ የሚያቀርቡት ኅብስት ከማን እጅ እንደ መጣ አሰቡ፤ ያባረሩአቸው ዶመኒካዊ መነኩሴም ትዝ አሉአቸው። ለብዙ ቀናት ካሰቡ በኋላ ወደ አገረ ገዢው ወደ ዲዬጎ ቬላስኬዝ ሄደው በአደራ የያዙአቸውን ሰዎች ሁሉ እንደሚለቁ ነገሩት። አገረ ገዢው ቃላቸውን ማመን ስላቃተው ነገሩን እንዲያስቡበት ቀን ሰጣቸው። እርሳቸው ግን ወዳጃቸው ሬንቴሪያ ከጃማይካ እስኪመለስ ድረስ ብቻ ነገሩ በምሥጢር እንዲቆይ ለመኑት።

በዚህ ስፍራ ታሪኩ አንድ ደስ የሚያሰኝ ነገር አለው። ሬንቴሪያ ምእመን ነው፤ ካህን አይደለም። በዐቢይ ጾም ጊዜ በጃማይካ በፍራንቸስካውያን ገዳም ተቀምጦ ሳለ ስለ ተወላጆቹ መከራ እያሰበ፣ ቢያንስ ሕፃናቱን የሚያድን ትምህርት ቤት እንዲከፈት ንጉሡን ልለምን ብሎ ወስኖ ነበር። ሁለቱ ወዳጆች ሲገናኙ እያንዳንዱ ለሌላው ሊገልጸው የፈራው አሳብ አንድ ሆኖ ተገኘ። ሬንቴሪያ ለጉዞው የሚሆነውን ገንዘብ ከንብረቱ እንዲወጣ ፈቀደ። በነሐሴ 15 ቀን፣ በእመቤታችን የፍልሰታ በዓል፣ ላስ ካሳስ ውሳኔያቸውን ከአትሮንሱ ላይ ለሕዝቡ ሁሉ ገለጡ። ሰሚዎቹ ተገረሙ፤ የተከተላቸው ግን አልነበረም ማለት ይቻላል።

በ1515 ከአባ ሞንቴሲኖስ ጋር ወደ ስፔን ተሻግረው በልደት በዓል ዋዜማ ገደማ ከንጉሥ ፈርዲናንድ ፊት ቀረቡ። ንጉሡ በወሩ ሞተ። የመንግሥቱ እንደራሴ ካርዲናል ሲስኔሮስ ግን ሰሙአቸው፤ በ1516ም የተወላጆች ጠበቃ የሚል ሹመት ሰጡአቸው። ከዚህ በኋላ ያለው ሃምሳ ዓመት በቤተ መንግሥት ደጅ ጥናት፣ በመጻፍና ባሕር በመሻገር ያለፈ ነው።

አሁን ሊታለፍ የማይገባውን ነገር እንናገር፤ በተለይ እኛ አፍሪካውያን ልናልፈው አይገባምና። ላስ ካሳስ የደሴቶቹን ሕዝብ ከሞት ለማትረፍ ሲሉ በ1516ና በ1518 ባቀረቡት አሳብ፣ በተወላጆቹ ፈንታ ባሮች ከውጭ እንዲመጡ፣ ከእነዚህም መካከል ጥቁሮች እንዲገኙበት ደግፈዋል። አፍሪካውያን ባሮች ወደ ሂስፓኞላ መወሰድ የጀመሩት ከዚህ አስቀድሞ ስለ ሆነ የዚያ ንግድ ጀማሪ ላስ ካሳስ ናቸው የሚባለው ስሕተት ነው። ነገር ግን ድምፃቸውን ሰጥተዋል። በ1518 ንጉሥ ካርሎስ 4,000 አፍሪካውያን እንዲወሰዱ ፈቃድ ለአንድ ባለሟሉ ሰጠ። ከሰጣቸውም ፈቃዶች ይህ የመጨረሻው አልነበረም።

ላስ ካሳስ በእርጅናቸው የፖርቱጋልን ታሪክ ጸሐፊዎች ሲያነቡ ባሮቹ እንዴት እንደሚያዙ ተረዱ። ፖርቱጋላውያን ከምዕራብ አፍሪካ ዳርቻ የነጠቁአቸውን 235 ሰዎች በ1444 በላጎስ ወደብ አራግፈው፣ እናትን ከልጅ፣ ወንድምን ከወንድም ለይተው ሲከፋፈሉ ልዑል ሄንሪ በፈረስ ላይ ሆኖ ድርሻውን ተቀብሎ ነበር። ታሪክ መማሪያ መጽሐፍት መርከበኛው ሄንሪ እያሉ የሚያወድሱት ልዑል ይህ ነው። ላስ ካሳስ የሕንዶች ታሪክ ብለው በጠሩት ታላቅ መጽሐፋቸው ውስጥ በርካታ ምዕራፎችን ለዚህ ሰጥተው፣ የአፍሪካውያኑ ባርነት ልክ እንደ ተወላጆቹ ባርነት ግፍ መሆኑን መሰከሩ። ራሳቸውንም አልማሩም። የሰጡት ምክር በድንቁርና የተሰጠ ቢሆንም፣ ያ ድንቁርና በእግዚአብሔር ፍርድ ፊት ይቅር ያሰኛቸው እንደ ሆነ እርግጠኛ እንዳልነበሩ ጻፉ። በዚያ ዘመን ከነበሩ አውሮፓውያን መካከል ስለ አፍሪካውያን ባርነት እንዲህ ያለ ኑዛዜ በእጁ ጽፎ የተወ ሌላ ሰው ማግኘት ያስቸግራል።

ወደ ሕይወታቸው እንመለስ። በቬኔዙዌላ ዳርቻ በኩማና ያለ ጦር መሣሪያ ሰላማዊ መንደር ለመመሥረት ሞክረው ሥራው በደም ፈረሰ። በዚህ ኀዘን ላይ ሳሉ በ1522 የዶመኒካውያንን ልብስ ለበሱ። ማኅበሩም ለዓመታት በዝምታና በማጥናት እንዲቀመጡ አደረጋቸው። ከዚህ ጥናት የተገኘው ትምህርታቸው አጭር ነው፤ ሰውን ወደ እምነት ለመጥራት አእምሮን በማስረዳትና ፈቃድን በፍቅር በመሳብ እንጂ በሌላ መንገድ አይቻልም። ጦርነት አስቀድሞ ስብከት ሊከተል አይገባም።

ይህን በሥራ እንዲያሳዩ የተገዳደሩአቸው ሰዎች ነበሩ። በጓቲማላ ስፔናውያን ሦስት ጊዜ ዘምተው ያልያዙት፣ የጦርነት ምድር ብለው የሰየሙት አገር ነበረ። ላስ ካሳስ በ1537 ከአገረ ገዢው ጋር በጽሑፍ ተዋዋሉ፤ ለአምስት ዓመት ያህል ከመነኮሳት በቀር አንድም ስፔናዊ ወደዚያ እንዳይገባ። የማኅበሩ ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት መነኮሳቱ የዓለምን መፈጠር፣ የሰውን ውድቀትና የክርስቶስን አዳኝነት በአገሩ ቋንቋ በግጥም ደርሰው፣ ለተወላጅ ነጋዴዎች በዜማ አስጠኑአቸው፤ ነጋዴዎቹም ሸቀጣቸውን ከዘረጉ በኋላ በማታ ይዘምሩት ነበር። የመንደሩ አለቃ ዜማውን ሰምቶ ይህን የሚያስተምሩት ሰዎች ይምጡልኝ አለ። ያ ምድር ቬራፓዝ፣ ማለትም እውነተኛ ሰላም፣ ተባለ። በዚያው በ1537 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 3ኛ ሱብሊሚስ ዴዎስ በተባለው መልእክታቸው፣ ተወላጆቹ እውነተኛ ሰዎች እንደ ሆኑ፣ ክርስቲያኖች ባይሆኑ እንኳ ነፃነታቸውንና ንብረታቸውን መነጠቅ እንደማይገባ ለዓለም አስታወቁ። የጽሑፋችን መጀመሪያ ጥያቄ ላነሣ ልጅ ይህ ቀን ይነገረው፤ ሕጉ ምን ያህል እንደ ተጣሰም አብሮ ይነገረው።

በ1542 ንጉሠ ነገሥት ካርሎስ አዲሶቹ ሕጎች የተባሉትን አወጣ፤ ተወላጆችን ባሪያ ማድረግ ከለከለ፤ ኤንኮሚየንዳም ከአባት ወደ ልጅ እንዳይተላለፍ አዘዘ። ላስ ካሳስም በ1544 በሴቪሊያ ማዕርገ ጵጵስናን ተቀብለው በደቡብ ሜክሲኮ የምትገኘው የቺያፓስ ጳጳስ ሆኑ፤ ዕድሜያቸው ስድሳ ዓመት ነበር። በ1545 ዐቢይ ጾም ባሮቹን ለማይለቅ ምእመን ፍትሐተ ኃጢአት እንዳይሰጥ ካህናቱን አዘዙ። የካቴድራሉ አለቃ ትእዛዙን ጥሶ ሲያናዝዝ ተገኘ። ጳጳሱ ሊያስይዙት ቢሞክሩ ከተማው በጦር መሣሪያ ተነሣባቸው፤ ቤታቸውም ተከበበ። በዚያው ዓመት ንጉሠ ነገሥቱ በባለ ርስቶቹ ዐመፅ ተጨንቆ ስለ ውርስ የወጣውን ሕግ ሻረ። ላስ ካሳስ በ1547 ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ስፔን ተመለሱ፤ በ1550ም ሹመታቸውን ለቀቁ።

በዚያው በ1550 ካርሎስ አዲስ ዘመቻ ሁሉ እንዲቆም አድርጎ የነገረ መለኮትና የሕግ ሊቃውንትን በቫላዶሊድ ሰበሰበ። ድል አድራጊ መንግሥት ድል ማድረጌ ትክክል ነው ወይ ብሎ ሊቃውንቱን የጠየቀበት ጊዜ በታሪክ ብዙ አይገኝም። ሁዋን ሂኔስ ዴ ሴፑልቬዳ የፈላስፋውን የአርስቶትልን ትምህርት ይዞ አንዳንድ ሕዝቦች በተፈጥሮ ለመገዛት የተፈጠሩ ናቸው ሲል ለሦስት ሰዓት ተናገረ። ላስ ካሳስ የጻፉትን መልስ ለአምስት ቀን አነበቡ። ዳኞቹ አንድ ብያኔ ሳይሰጡ ተለያዩ።

በ1552 ስለ ሕንዶች ጥፋት የጻፉትን አጭር መጽሐፍ በሴቪሊያ አሳተሙ። ይህን መጽሐፍ በክፍል ውስጥ የሚጠቀም መምህር ሁለት ነገር ይወቅ። አንደኛ፣ በውስጡ ያሉት የሙታን ቁጥሮች የተጋነኑ ናቸው፤ ከሟቾቹም እጅግ የበዙትን የገደለው፣ በ1518 መጨረሻ ሂስፓኞላ እንደ ገባው ፈንጣጣ ያለ ከባሕር ማዶ የመጣ በሽታ ነበር፤ ጦርነቱና የማዕድን ሥራው የተራበውን ሕዝብ ለበሽታው አሳልፎ ሰጠው። ሁለተኛ፣ የስፔን ጠላቶች መጽሐፉን በየቋንቋቸው እየተረጎሙ ስፔንንና የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንን ለመንቀፍ ተጠቀሙበት፤ ራሳቸው ግን በቅኝ ግዛቶቻቸው ከዚያ የተሻለ አልሠሩም። ፍራንቸስካዊው አባ ሞቶሊኒያ በ1555 ለንጉሠ ነገሥቱ በጻፉት ደብዳቤ ላስ ካሳስን ችኩልና ተሳዳቢ ብለው ከሰሱአቸው። ቁጡ ሰው እንደ ነበሩ አይካድም።

ለታሪክ መምህራን ደግሞ ሌላ ውለታ ውለዋል። የኮሎምበስ የመጀመሪያ ጉዞ የዕለት መዝገብ ዋናው ቅጂ ጠፍቷል። ዛሬ የምናነበው ላስ ካሳስ አሳጥረው በእጃቸው የገለበጡት ነው። የሞንቴሲኖስንም ስብከት የምናውቀው በእርሳቸው ታሪክ በኩል ነው። ስለዚህ መምህሩ ጥቅምት 12 ቀን 1492 ስለ ሆነው ነገር በክፍል ሲናገር፣ ቃሉ በዚህ ጳጳስ ብዕር በኩል ያለፈ ነው።

አባ ባርቶሎሜ ሐምሌ 18 ቀን 1566 በማድሪድ፣ በአቶቻ እመቤታችን ገዳም፣ በ82 ዓመታቸው ዐረፉ። የሕንዶች ታሪክ የተባለውን መጽሐፍ በ1559 ለቫላዶሊዱ ለቅዱስ ጎርጎርዮስ ኮሌጅ በአደራ ሰጥተው፣ አርባ ዓመት ሳያልፍ እንዳይታተም ለምነው ነበር። የቆየው ግን ከዚያ እጅግ ይበልጣል፤ መታተም የጀመረው በ1875 ነው። ስለ አፍሪካውያን ባርነት የጻፉት ኑዛዜ በዚያን ጊዜ ለአንባቢ ሁሉ ሲገለጥ፣ መጽሐፈ ሲራክን አንብበው ሰዎቻቸውን በለቀቁባት በኩባ ደሴት አፍሪካውያን ገና ባሮች ነበሩ፤ ባርነት በዚያ በሕግ የቀረው በ1886 ነው።